ከውጭ የተዘጋው የኦርኪድ ቤት

በኅዳር የመጀመሪያው ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ ጠጅቱ ሁለት ቀን ለቅሶ ከሰነበቱበት ከሰበታ ተመልሰው ልደታ ማርያም ጀርባ ያለውን ግቢያቸውን ከፈቱ። ወንድማቸውን ደገፋን ተጣሩ። መልስ የለም። መኝታ ቤቱን አዩ፤ አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ወደ ጓሮ ዞሩ። እዚያ፣ ወንድማቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የሚውሉበት፣ በአንድ ወገን የጎረቤትን ግድግዳ ተደግፎ በብረትና በላስቲክ የተሠራ የኦርኪድ ቤት አለ። በሩ በሽቦ መንጠቆው ከውጭ ተዘግቷል።

«ከውጭ ከተዘጋማ እዚህም የለም» ብለው ሊመለሱ ሲሉ በላስቲኩ ግርጌ በኩል የጫማ ሶል ታያቸው። ጫማው እግር ነበረበት።

ዋና ኢንስፔክተር ሀረገወይን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ አሥራ ሦስቱን በወንጀል ምርመራ አሳልፋለች። አብሯት ሳጅን ሁመድ አለ፣ ረጅም፣ ቶሎ ተናጋሪ፣ ግን የታዘዘውን የማይረሳ።

አቶ ደገፋ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ጭንቅላታቸው ሥር ያለው ደም ደርቋል፤ የአበባ መደርደሪያው የብረት ጠርዝ ላይም እንዲሁ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ እርጥብ ነው።

«አዳልጧቸው ነው የሚመስለው» አለ ሁመድ። «ወደ ኋላ ወድቀው ብረቱ መታቸው።»

«ይሆናል። ከወደቁ በኋላ በሩን ከውጭ የዘጋው ማነው?»

ሁመድ ጎንበስ ብሎ መንጠቆውን አየ።

ሀረገወይን ዙሪያዋን ተመለከተች። ቤቱ ይሞቃል። ጥግ ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በርቷል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ሃያ አራት ያሳያል። ማሰሮዎቹ በሦስት መደርደሪያ ተደርድረዋል፤ በውስጣቸው አፈር የለም፣ የተከተፈ የዛፍ ቅርፊት ነው ያለው። እያንዳንዱ ማሰሮ ላይ በእርሳስ የተጻፈበት ነጭ የፕላስቲክ ምልክት ተሰክቷል። በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ በእርጥቡ እንጨት መሐል፣ ሳህን የሚያክል ደረቅ ክብ ቦታ አለ። ማሰሮ የተነሣበት ቦታ ነው።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ወይዘሮ ጠጅቱ በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። «አዲሱ ነበር። ሰባት ዓመት የደከመበት። ባለፈው ወር ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያበበው። ወስደውታል እንዴ?»

«ምንድነው አዲሱ?»

«እኔ ስሙን አልችለውም፣ ልጄ። እነዚህ ሁሉ ከአውስትራሊያ የመጡ ናቸው። ለሥልጠና ሄዶ እዚያ የተዋወቀው ሰው ነው ዘሩን በጠርሙስ የላከለት። ይኸኛው እንደ ቀይ ሥር የጠቆረው የቆላ ነው፤ ብርድ ካየ ይሞታል። ያቺ ትንሿ ደግሞ የተራራ ነች፣ ድንጋይ ላይ የምትበቅል፣ ብርድ የማይደንቃት። ሁለቱን አዳቅሎ፣ የቆላውን መልክ የያዘ፣ አዲስ አበባ በረንዳ ላይ ያለ ማሞቂያ የሚያብብ ካላወጣሁ አልሞትም ይል ነበር።» ነጠላቸውን ከአፋቸው ወደ ዐይናቸው አነሡ። «አወጣ። አወጣና ሞተ።»

ሀረገወይን እስኪረጋጉ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ጠየቀች።

«ሌላ የጠፋ ነገር አለ?»

«ስልኩም ኪሱ ውስጥ ነው። ቤቱም እንዳለ ነው።»

«ማን ይመጣባቸው ነበር?»

«ተሰማ ነው። መምህር ተሰማ፣ የልብ ጓደኛው። ከሱ ሌላ ማንንም አያስገባም። ያ የሜክሲኮው አበባ ሻጭ፣ ኤልያቄም፣ አዲሱን ሽጥልኝ እያለ ሦስት ጊዜ መጥቶ አባሮታል። ከጎረቤታችን ከሙዝ ነጋዴው ከሺፋ ጋርም አልተስማሙም።»

ከመውጣቷ በፊት ሀረገወይን ፎቶ አንሺው እያንዳንዱን ማሰሮ እንዲያነሣ አዘዘች። አንደኛው ላይ ትንሽ ቆየች። ጥቁር ሐምራዊ አበባ ነው፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንገቱ ላይ ነጭ ክር ታስሯል። የክሩ ጫፍ ተበጥሷል፤ ተንጠልጥሎበት የነበረ ነገር የተነጠቀ ይመስላል።

«ይኸንንም ከቅርብ አንሣው» አለችው።

*

እኩለ ቀን ላይ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። መምህር ተሰማ ከለቅሶኞቹ ፊት ነበሩ። ሰባ ሊሞላቸው ነው፤ ቀጭን፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ ናቸው። ሀረገወይን ከድንኳኑ ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

«መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ዓርብ። ከሰዓት በኋላ መጥቼ ሻይ ጠጥተን ሄድሁ።»

«እሁድስ?»

«እሁድ አልመጣሁም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነበርሁ። ከሰዓት የእድር ስብሰባ ነበረን፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር። በስምንት ሰዓት ነው የተጀመረው። ስም መቆጣጠሪያው ላይ ፈርሜያለሁ።»

«እርስዎም ኦርኪድ ያሳድጋሉ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ውሃ አቀባይ ነበርሁ። ባለሙያው እሱ ነው። በቤተ ሙከራ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነው።»

«ቃልዎን በእጅዎ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።»

ጻፉ። የእጅ ጽሑፋቸው ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ጽሑፍ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጎላ ያለ፣ ፊደሉ ሁሉ እኩል። አንብበው ፈረሙና ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

*

የአስከሬን ምርመራው ውጤት ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ሐኪሙ በስልክ አጠር አድርጎ ነገራት።

«የተመቱት አንድ ጊዜ ነው፣ በብረቱ ጠርዝ። ደረታቸው ላይ ግን ሁለት የበለዘ ቦታ አለ፣ በግራና በቀኝ። በሁለት መዳፍ የገፋቸው ሰው አለ።»

«መቼ?»

«እሁድ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የወደቁት። ወዲያው አልሞቱም። ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይተዋል።»

«ሐኪም ቢደርስላቸው ኖሮ?»

«ሊተርፉ ይችሉ ነበር።»

ሀረገወይን ስልኩን ዘግታ ለሁመድ የሰማችውን ነገረችው። ሁመድ ቀድሞ ያሰበበት ይመስላል።

«ጉዳዩ ግልጽ ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር። አዲሱን አበባ የፈለገ ሰው ነው። ኤልያቄም።»

«ኤልያቄም ሌባ ከሆነ በሩን ለምን ይዘጋል? የሚሰርቅ ሰው ማሰሮውን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሮጠው።»

«እንዳይታወቅበት ይሆናላ።»

«እሺ፣ እንጠይቀው።»

የኤልያቄም ሱቅ ሜክሲኮ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ከአንድ ባንክ ሥር ነው። እሱ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሽቶ የሚሸት፣ ለሠርግና ለሆቴል አበባ የሚያስውብ ሰው ነው። ገና ሲገቡ ሁመድ ሀረገወይንን በክርኑ ነካ አደረጋት። ባንኮኒው ላይ ሐምራዊ ኦርኪድ ቆሟል።

«ይኸ ከየት መጣ?» አለ ሁመድ።

«ከውጭ ያስመጣሁት ነው። ደረሰኙን ላሳያችሁ? ጋሽ ደገፋ ሞቱ አሉ፣ እውነት ነው?»

«ማን ነገረህ?» አለችው ሀረገወይን።

«ሰው ሁሉ እያወራ ነው እኮ።» ፊቱ ላይ ያየችው ሐዘን ይሁን ፍርሃት መለየት አልቻለችም። «ሦስት ጊዜ ሄጄ ለምኛቸዋለሁ። አልክድም። ያለ ማሞቂያ የሚኖር የዚያ ዓይነት ኦርኪድ እዚህ አገር የለም። ‹አንተ ጋ ሄዶ የሠርግ ማጌጫ ሊሆን ነው?› ብለው በሩን ዘጉብኝ። ግን እኔ እሳቸውን...» እጁን ዘረጋ። «እሁድ ቢሾፍቱ ነበርሁ። ሠርግ ሳስውብ ውዬ ያመሸሁ ሰው ነኝ። ሙሽሮቹን ጠይቁ፤ ቪዲዮውም አለ።»

ሁመድ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲያጣራ ዋለ። ኤልያቄም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት በቪዲዮው ውስጥ በየመሐሉ ብቅ ይላል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም የሙሽራዋን አክስት ሲያስጨፍር ይታያል።

*

ሺፋ ከኦርኪድ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን መጋዘን አለው። ከአርባ ምንጭ የሚመጣውን ጥሬ ሙዝ እዚያ አከማችቶ፣ በሩን አሽጎ፣ በነጭ ጋዝ ምድጃ ጭስ ያበስለዋል። ረቡዕ ጠዋት ሀረገወይንና ሁመድ ሲደርሱ ሙዝ እያስወረደ ነበር።

«ተጣልተን ነበር፣ ወላሂ ተጣልተናል» አለ፣ ሳይጠየቅ። «የሙዙ ጭስ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ እምቡጡን አረገፈብኝ አሉኝ። እኔ የአበባ ነገር ምን አውቃለሁ? መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ኋላ ገብቼ ሳይ እምቡጡ እንደ ሽንብራ ወለሉ ላይ ፈስሷል። አዘንኩ። ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈንሁላቸው። ይኸው፣ እዩት።»

ስንጥቁ በእርግጥ ተደፍኗል፤ ሲሚንቶውም አዲስ አይደለም።

«እሁድ የት ነበሩ?»

«አርባ ምንጭ። ዓርብ ሄጄ ሰኞ ነው ከመኪናው ጋር የገባሁት። የሾፌሩን ስልክ ልስጣችሁ።»

ሰጣቸው። ሁመድ ደውሎ ካረጋገጠ በኋላ ሊሄዱ ሲሉ ሺፋ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰውየው ጥሩ ሰው ነበሩ። የተጣላን ቀን እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ንዴት መስሎኝ ነበር። ከታረቅን በኋላ ሻይ አቀረብሁላቸው፤ ያኔም ይንቀጠቀጣል። ሻዩ ግማሹ ሱሪያቸው ላይ ፈሰሰ። አፍረው ተነሥተው ሄዱ። ንዴት አልነበረም ለካ፣ በሽታ ነው።»

ሀረገወይን የተናገረውን ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረችው። ምን እንደሚጠቅማት ገና አላወቀችም።

ከሺፋ መጋዘን ወጥተው በዚያው ወደ ኦርኪድ ቤቱ ገቡ። ሁለት ቀን ሙሉ ፖሊስ ከጠበቀው ቤት ምንም አልተነካም። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ክር የታሰረበት ሐምራዊ አበባ ተኮማትሯል። የአበባው ቅጠሎች እንደተዘጋ ዣንጥላ ወደ ታች ታጥፈዋል፣ ከሥራቸው ያለው አረንጓዴ አንገት ደግሞ ወፍሯል። ከአጠገቡ ያሉት፣ ከዚያው ተክል ላይ የወጡት አምስት አበቦች ግን እንደ ሰኞው ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ይኸ ለምን ብቻውን ጠወለገ?» አለች።

ሁመድ ትከሻውን ነቀነቀ። «አበባ አይደል፣ ይጠወልጋል።»

«ሌሎቹ አልጠወለጉም።»

የሚያስረዳት ሰው አሰበች። ጓደኛቸውን መምህር ተሰማን ልትጠይቅ አሰበችና ተወችው። ሰውየው ውሃ አቀባይ ነኝ ብለዋል። ፎቶውን ይዛ ወደ ሜክሲኮ ሄደች።

*

ኤልያቄም የሰኞውንና የረቡዕን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ አየ። ያለ ምንም ማመንታት ተናገረ።

«አርግዛለች።»

«ምን?»

«ተዳቅላለች ማለቴ ነው። የዚህ ዓይነት ኦርኪድ ካልነኩት ወር ሙሉ ይቆማል። ከተዳቀለ ግን ሥራውን ስለጨረሰ በአንድ ቀን ተኩል፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ይዘጋል። አንገቱ የወፈረው ፍሬ እየያዘ ስለሆነ ነው። ክሩም ለዚያ ነው የሚታሰረው፤ ከማን ጋር እንደተዳቀለ፣ መቼ እንደተዳቀለ የሚጻፍበት ምልክት ይንጠለጠልበታል።»

«ሰኞ ጠዋት ገና ቀጥ ብሎ ነበር።»

«እንግዲያው እሁድ ነው የተዳቀለው። ቅዳሜ እንኳ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሰኞ ስታዩት መታጠፍ ጀምሮ ነበር።»

ሀረገወይን ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች። «እንዴት እንደሚዳቀል አሳየኝ።»

ኤልያቄም ከባንኮኒው ኦርኪድ አንድ አበባ ቆረጠ። የጥርስ ስቴኪኒ አነሣ፣ ጫፉን በምላሱ ነካ አደረገው። ትንፋሹን ይዞ፣ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ የአበባውን አፍንጫ የመሰለች ክዳን በስቴኪኒው ፈልቀቅ አደረጋት። ጫፉ ላይ ሁለት ቢጫ እንክብሎች ተጣብቀው ወጡ፤ አንዳቸውም ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም።

«ይህን ወስጄ የሌላኛው አበባ ጉሮሮ ውስጥ፣ እዚህች እርጥብ ጉድጓድ ላይ አስቀምጣለሁ። ትንሽ ከተንቀጠቀጥሁ ይወድቃል። ከወደቀ ደግሞ በቃ፣ አይገኝም።» ቀና ብሎ አያት። «የሰዓት ሠሪ እጅ ይፈልጋል።»

ሀረገወይን ሺፋ የነገራትን አስታወሰች።

*

ወይዘሮ ጠጅቱ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠዋል። አስነሥታ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው።

«እማማ፣ የወንድምዎ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር?»

አሮጊቷ አቀረቀሩ። «ለማንም አትንገሪ ብሎ አስምሎኝ ነበር። ሦስት ዓመቱ ነው። ውሃ እንኳ በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚጠጣው። መድኃኒት አለው፣ ግን አላቆመለትም። እጅ የሌለው ባለሙያ ይሉኛል ይል ነበር።»

«ታዲያ አበባውን ማን ያዳቅልላቸው ነበር?»

«ተሰማ ነዋ» አሉ፣ ጥያቄው እንዳስገረማቸው። «ሦስቱንም ዓመት እጁ ተሰማ ነው። ደገፋ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ‹ከዚህ ወደዚያ› ይላል፣ ተሰማ ይሠራል። እኔ ከመስኮት ሳያቸው ልክ እንደ ቄስና ዲያቆን ናቸው።»

«አዲሱንስ?»

«አዲሱን ከዚያ በፊት ነው ያዳቀሉት። ግን ያኔም ተሰማ ነው መሰለኝ። የደገፋ ዐይን ደክሞ ነበር፤ ኋላ ነው እጁ የተከተለው።»

ሀረገወይን ወደ ኦርኪድ ቤቱ ሄደች። ከየማሰሮው ላይ ነጩን ምልክት እየነቀለች አየች። የቆዩት ላይ ያለው ጽሑፍ የተጠላለፈ፣ የሐኪም ማዘዣ የመሰለ ነው። ካለፉት ሰባት ዓመታት ወዲህ ያሉት ሁሉ ግን ቀጥ ባለ፣ ጎላ ባለ፣ ፊደሉ እኩል በሆነ እጅ የተጻፉ ናቸው። ከቦርሳዋ የመምህር ተሰማን የምስክርነት ቃል አውጥታ አጠገቡ ያዘችው። ሁመድ ከትከሻዋ በላይ አየ።

«ውሃ አቀባይ ነኝ አላሉም እንዴ?» አለ።

«እድሩ ጋ ሂድ። ስብሰባው ስንት ሰዓት እንደተበተነ ጠይቅ።»

ሁመድ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ደወለ። ስም መቆጣጠሪያው ላይ መምህር ተሰማ ፈርመዋል። ነገር ግን ሊቀ መንበሩ ስለታመሙ አባላቱ ለሁለት ሳምንት ቀጠሮ ይዘው ስምንት ተኩል ላይ ተበትነዋል። ከጠመንጃ ያዥ እስከ አቶ ደገፋ ግቢ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

*

መምህር ተሰማ የሚኖሩት ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ብቻቸውን ናቸው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍተው ሀረገወይንንና ሁመድን ሲያዩ አልደነገጡም። ገለል ብለው አሳለፏቸው።

ሳሎኑ በመጽሐፍ የተሞላ ነው። በረንዳው ክፍት ነው፤ የኅዳር ንፋስ መጋረጃውን ያወዛውዘዋል። በረንዳው ላይ፣ ከልብስ ማስጫው ሥር፣ አንድ ማሰሮ አለ። ከማሰሮው የወጣው ዘንግ ሰባት አበባ ይዟል። ቀለሙ የቆላው ነው፣ ጥቁር ሐምራዊ፤ አጠር ጠንከር ብሎ የቆመው አቋሙ ደግሞ የተራራዋ ነው። አራት ሌሊት በብርድ አድሯል፣ አንድ ቅጠል እንኳ አልጠቆረበትም።

«አልደበቁትም» አለች ሀረገወይን።

«የት እደብቀዋለሁ? ብርሃን ይፈልጋል።»

ተቀመጡ። እሷም ከፊታቸው ተቀመጠች። ሁመድ በሩ አጠገብ ቆሞ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

«መምህር፣ እሁድ እዚያ ነበሩ። አንድ አበባ አዳቅለዋል። ክሩን አስረው ምልክቱን ኋላ ነቅለውታል። አቶ ደገፋ ያን ሥራ በእጃቸው መሥራት አይችሉም ነበር።»

ከታች የሕፃናት ኳስ ግድግዳ ሲመታ ይሰማል።

«ከእድር ስወጣ ገና ጊዜ ነበረኝ» አሉ በመጨረሻ። «ደገፋ ዓርብ ሻይ ስንጠጣ ቀጥሮኝ ነበር። እሁድ ና፣ አንዷ ትደርሳለች ብሎኝ ነበር። ሄድሁ። ሠራን። እንደ ሁልጊዜው እሱ እየነገረኝ እኔ ሠራሁ። ጥሩ ከሰዓት ነበር፤ ሳቅንም። ከዚያ ከኪሱ ወረቀት አወጣና ‹ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ አንብብልኝ› አለኝ።»

«ምን ወረቀት?»

«አዲስ ዲቃላ ሲወጣ ውጭ አገር የሚመዘገብበት መዝገብ አለ። ስም ይሰጠዋል፤ ያዳቀለው ሰውም ይጻፋል። ያ ነገር ለዘላለም ነው፣ ኢንስፔክተር። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ከዚያ አበባ ልጅ ቢያወጣ እናቱን ያዳቀለው እከሌ ነው ተብሎ ይጠቀሳል። ደገፋ ሳይነግረኝ ማመልከቻ ልኮ ኖሯል። መልሱ መጥቶለት ነው። አነበብሁለት። ‹አዳቃይ፣ ደገፋ› ይላል። ሌላ ስም የለም።»

«ምን አሏቸው?»

«እኔስ አልሁት። መጀመሪያ በቀልድ ነው ያልሁት። ‹አሳቡ የኔ ነው፣ ተክሉ የኔ ነው፣ ቤቱ የኔ ነው› አለ። እጁስ የማነው አልሁት። ሳቀ። ደገፋ ሲስቅ ክፋት የለበትም፣ እንዲያው ሳይታሰበው ነው የሚናገረው። ‹ታዲያ ለስቴኪኒውም ስም ልጻፍለት እንዴ?› አለኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አላደረጉትም።

«ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ስንቱ ሐኪም ሆኗል፣ ስንቱ ሚኒስትር ሆኗል፣ አንድም ቦታ ስሜ የለም። አልከፋኝም ነበር። ሙያው እንዲያ ነው። ይኸ ግን የኔ ነበር። ያን ቀን፣ የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ትንፋሼን ይዤ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ገፋሁት።»

«ወደቁ።»

«ወደቀ። ድምፁ አሁንም ይሰማኛል።»

«ይተነፍሱ ነበር?»

«ይተነፍስ ነበር።»

«ስልክዎስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነበር።»

ሁመድ መጻፉን አቁሞ ቀና አለ።

«ለምን አልደወሉም?»

«አላውቅም። እየደጋገምሁ ራሴን ጠይቄዋለሁ። አንድ ደቂቃ ቆምሁ። ይነቃና ይሰድበኛል ብዬ አሰብሁ። ከነቃ ምን እለዋለሁ ብዬ አሰብሁ። ምልክቱን ነቀልሁት፣ ጽሑፌ ስለሆነ። ወረቀቱንም ወሰድሁ። ተክሉንም ወሰድሁ፤ እጄ የሠራው ነውና የኔ ነው ብዬ ነው። ከዚያ ወጣሁ።»

«በሩንም ዘጉ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

ጥያቄው ራሳቸውን አስገረማቸው። ወደ በረንዳው አዩ።

«ብርድ እንዳይገባባቸው፣ ለቆላዎቹ» አሉ።

ሀረገወይን ከወንበሯ ተነሣች። ለሁመድ ምልክት ሰጠችው። እሱም ካቴናውን አውጥቶ ጥቂት አሰበና፣ ለሽማግሌው መጀመሪያ ኮታቸውን አለበሳቸው።

*

ምርመራው በአሥራ ሁለት ቀን ተጠቃልሎ ለዐቃቤ ሕግ ተላለፈ። ወረቀቱ ከመጻሕፍቱ መሐል ተገኘ፤ ምልክቱም እንዲሁ፣ በቀጥ ያለ ጽሑፍ የእሁዱ ቀን የተጻፈበት። መምህር ተሰማ የሰጡትን ቃል አልቀየሩም። ጠበቃም አልጠየቁም፤ በመንግሥት ተመደበላቸው።

አዲሱ ተክል በኤግዚቢትነት ወደ ጣቢያው ገባ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ የሚተነፍስ ነገር ተረክቦ አያውቅምና ምን ላድርገው ብሎ ሀረገወይንን ጠየቃት። ፎቶ አስነሥታ፣ አስፈርማ፣ ለወይዘሮ ጠጅቱ በአደራ እንዲመለስ አደረገች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ወይዘሮ ጠጅቱ ጥቁር ለብሰው ጣቢያው በር ላይ ቆሙ። ተሰማን ማየት እፈልጋለሁ አሉ። ዘበኛው ሀረገወይንን ጠራት።

«እማማ፣ ግድ የለም? ደግሞ ሌላ ነገር...»

«አልሳደብም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው ነው።»

በብረት ፍርግርጉ በወዲያና በወዲህ ቆሙ። መምህር ተሰማ ከስተዋል። ሲያዩዋቸው ጎንበስ አሉ፤ ቀና ማለት አቃታቸው። ሀረገወይን ጥቂት እርምጃ ርቃ ቆመች።

«ይቅር ልልህ አልመጣሁም» አሉ ወይዘሮ ጠጅቱ።

«አውቃለሁ።»

«የቆላዎቹ ቅጠላቸው እየረገፈ ነው። በየቀኑ ውሃ አጠጣቸዋለሁ፣ ባጠጣሁ ቁጥር ይብስባቸዋል። ደገፋ አልነገረኝም። የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ሊሞቱ ነው?»

መምህር ተሰማ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«አይሞቱም። ውሃውን ያቁሙ። በአገራቸው በጋው ደረቅ ነው፤ ቅጠላቸውን ጥለው ይተኛሉ። ሥሩ እንዳይበሰብስ ያቁሙላቸው። ማሞቂያው ግን አይጥፋ።»

«እስከ መቼ?»

«ከግንዱ ሥር አዲስ ቡቃያ እስኪያዩ። መጋቢት ገደማ። ቡቃያው የጣት ያህል ሲሆን ነው ውሃ የሚጀምሩት።»

«የተራራዋስ?»

«እሷን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠዋት። ቅጠሏ ላይ አያፍስሱባት።»

ወይዘሮ ጠጅቱ በጣታቸው እየቆጠሩ ደገሙት፤ ውሃ ማቆም፣ ማሞቂያ፣ ቡቃያ፣ መጋቢት፣ የተራራዋ በሳምንት አንዴ። አንዱን ሳቱ፣ መምህር ተሰማ አረሟቸው። እንደገና ከመጀመሪያው ደገሙት። ሲጨርሱ ደህና ዋል ሳይሉ ዞረው ወጡ።

በሚቀጥለው ረቡዕም መጡ። ያን ቀን ሁለት ጥያቄ ነበራቸው።